የሚሮጥ ሆድ መድኃኒት አይዝም?

ጥያቄው ከኮምቦልቻ የመጣ ነው፤ አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሩ ነው፤ 11 ኪሎ ይመዝናል። ከትናንት በስቲያ ትኩሳት ያዘው፤ ከዚያ ደምና ንፍጥ የቀላቀለ ተቅማጥ ጀመረው። ጤና ጣቢያ ሲፕሮ ለ3 ቀን፣ ዚንክ ለ10 ቀን፣ ኦ.አር.ኤስም ጨምረው ሰጡኝ። አማቴ ሁለቱን ክኒኖች አድቅቀው፣ በወተት በጥብጠው በአንድ ማንኪያ ይሰጡታል፤ አለበለዚያ ይተፋዋል። ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያስቀምጠዋል፤ ሰገራው ላይም ነጭ ነገር ይታየኛል። ጎረቤታችን ‹የሚሮጥ ሆድ መድኃኒት አይዝም፤ መርፌ አስወጊው› ይሉኛል። መድኃኒቱ እየገባለት ነው ወይስ እንዲሁ እየወጣ ነው?»

እህቴ፣ ደሴ ውስጥ ሕፃናትን ሳክም ይህን ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እሰማዋለሁ። መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ መድኃኒቱ ይገባል። እኔን የሚያሳስበኝ የልጁ አንጀት ሳይሆን ማንኪያው ነው።

በመጀመሪያ ግን ልጁን ደህና አድርገሽ እዪልኝ። የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ጭራሽ መጠጣት ያቃተው፣ ፈዝዞ ሲቀሰቅሱት የማይነቃ፣ ያንቀጠቀጠው፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ ወይም የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገሽ ስትለቂው ቶሎ የማይመለስ ከሆነ ይህን ማንበብ ተዪና አዝለሽው ወደ ሆስፒታል ሂጂ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ተቀመጪና እናውራ።

በአፍ የሚሰጥ መድኃኒት ወደ ደም የሚገባው በአብዛኛው በትንሹ አንጀት ነው፤ ያውም በላይኛው ክፍሉ። ትኩሳት፣ ደምና ንፍጥ አንድ ላይ ሲመጡ ደግሞ በዚህ ዕድሜ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ሺጌላን ነው፤ ጃፓናዊው ሐኪም ኪዮሺ ሺጋ በ1897 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) ያገኘውን ባክቴሪያ። ሺጌላ በዋናነት የሚያቆስለው ትልቁን አንጀት ነው። ከደሴ ወደ እናንተ የሚወርድ የጭነት መኪና አስቢ። ጭነቱን ደሴ ላይ አራግፎ ከጨረሰ፣ ከዚያ በታች ሐረጎ ላይ መንገዱ ቢበላሽ የሚቸገረው ባዶው መኪና ነው። መድኃኒቱም ከቁስሉ ቦታ ሳይደርስ፣ ከላይ ብዙው ተራግፏል። ሲፕሮ፣ ማለትም ጀርሙን የሚገድለው ክኒን፣ በደህና ጊዜ ከተዋጠው መጠን 70 ከመቶ ያህሉ ደም ውስጥ ይገባል፤ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜም በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ይደርሳል።

ታዲያ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የወጣው ምንድን ነው? ቀድሞ እዚያው የነበረው ነው። ጨጓራ ውስጥ ነገር ሲገባ ትልቁ አንጀት ይነቃና ያለውን ይገፋል፤ ጤነኛ ሕፃንም ጠብቶ ሳይጨርስ ዳይፐሩን የሚሞላው ለዚህ ነው። ትልቁ አንጀት ሲቆስል ይህ መነቃቃት ይብሳል። ነጩ ነገር ደግሞ ደቅቆ የተሰጠ ክኒን አይደለም፤ እንዲያ ተለይቶ አይወጣም። በእንጨት ብትነኪው የሚሳብና የሚለጠጥ ከሆነ ከቁስሉ የሚመጣ ንፍጥና መግል ነው፤ እንደ አይብ ፍርፋሪ ከሆነ የረጋ ወተት ነው።

ጎረቤትሽ ግን ዝም ብለው አልተናገሩም፤ በሌላ ዓይነት ተቅማጥ ቢሆን ኖሮ ግማሽ እውነት ነበራቸው። ሮታ ቫይረስ የሚያጠቃው ትንሹን አንጀት ነው። የዚህ አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ እንደ ጋቢ ጥለት ዳር እንዳለው ቁጭት በጥቃቅን ጣቶች የተሞላ ነው፤ ቫይረሱ የጣቶቹን ጫፍ ይልጠዋል። ጃርዲያም መኖሪያው እዚያው ላይኛው ክፍል ነው፤ ሲቆይ ስብና ቫይታሚን ኤ እንዳይገቡ ያደርጋል። በእነዚህ ጊዜ የአንዳንድ መድኃኒት መግባት ሊቀንስ ወይም ሊዘገይ ይችላል። ያኔም ቢሆን በሩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ የተላጠው ሽፋን ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ራሱን ይተካል። ለዚህ ማረጋገጫው ኦ.አር.ኤስ ራሱ ነው። ስኳርና ጨው እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚገቡበት በር በሮታም፣ በኮሌራም ጊዜ ይሠራል፤ ውሃው ተከትሏቸው ይገባል። ያ በር ባይኖር ኖሮ በአፍ የሚሰጥ ፈሳሽ የሚባል ሕክምና አይኖርም ነበር።

አሁን ወደ ምርምሩ ልግባ፤ ምክንያቱም «ሆድ ውስጥ ላለ ጀርም መድኃኒቱ ሆድ ውስጥ ቢቀር አይሻልም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። በ1968 አሜሪካ ዳላስ ከተማ ውስጥ ሃልታሊን፣ ኔልሰንና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ በሺጌላ በታመሙ ልጆች ላይ ፈተሹት። ለአንዱ ቡድን ወደ ደም የሚገባውን አምፒሲሊን፣ ለሌላው ደግሞ ከአንጀት የማይወጣውን ኒኦማይሲን ሰጡ፤ ሐኪሙም ወላጁም ማን ምን እንደወሰደ አያውቅም። ወደ ደም የገባው ፈወሰ፤ አንጀት ውስጥ የቀረው ግን እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም አላመጣም። ምክንያቱ የሺጌላ ጠባይ ነው፦ ሰገራው ውስጥ ብቻ እየተንሳፈፈ አይኖርም፤ የአንጀቱን ግድግዳ ሴሎች ሰብሮ ገብቶ ውስጣቸው ይራባል። እዚያ የሚደርሰው በደም የሚመጣ መድኃኒት ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ አላበቃም። አሞክሲሲሊን ከአምፒሲሊን በተሻለ ወደ ደም ይገባል፤ ስለዚህ ለሺጌላም ይበልጣል ብለን እንጠብቃለን። ኔልሰንና ሃልታሊን በ1974 ባወጡት ጥናት ግን ውጤቱ ግልብጥ ሆነ፤ አሞክሲሲሊን ከአምፒሲሊን ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ጀርሙን የመግደል ኃይሉ ራሱ ያንሳል። እንግዲህ ወደ ደም መግባት ግድ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ዛሬም አንዳንድ እናቶች ቤት የተረፈች የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ለደም ተቅማጥ ሲሰጡ አያለሁ። እባካችሁ ተዉት። አምፒሲሊን ራሱም ቢሆን ዛሬ ጀርሙ ስለለመደው ጡረታ ወጥቷል፤ ባክትሪምም ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ባወጣው መመሪያ ሲፕሮን የመጀመሪያ ምርጫ ያደረገው ለዚህ ነው፤ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ3 ቀን። የጤና ጣቢያው ሰው ያዘዘልሽ ትክክል ነው።

ወደ ማንኪያው ልምጣ። ሲፕሮ አንድ ድክመት አለው፤ ብረታ ብረት ሲያገኝ ይጣበቅበታል። ካልሲየም፣ ዚንክ፣ አይረን፣ የጨጓራ መድኃኒት ውስጥ ያሉት ማግኒዚየምና አሉሚኒየም፣ ሁሉም ከሲፕሮ ጋር ተቆላልፈው አንጀት ሊያሳልፈው የማይችል ድብልቅ ይሆናሉ። ወተት ካልሲየም ነው። በ1991 ፊንላንድ ውስጥ ጤነኛ አዋቂዎች ሲፕሮን በውሃ፣ በወተትና በእርጎ እየዋጡ ደማቸው ተለካ፤ በወተት ሲወሰድ የገባው መጠን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀነሰ፤ እርጎም ከዚያ የተሻለ አልነበረም። የእናንተ ማንኪያ ላይ ደግሞ ወተት ብቻ አይደለም ያለው፤ ዚንኩም ተጨምሯል። ሁለቱ ክኒኖች ልጁ አፍ ሳይደርሱ ማንኪያው ላይ ተያይዘዋል ማለት ነው። ጎረቤትሽ «አይዝም» ያሉት የሚሠራ ቢሆን እንኳ በሆዱ ምክንያት ሳይሆን በዚህ ነው።

አማትሽን እንዳትቆጪብኝ። እሳቸው ያደረጉትን እኔም አስደርጌዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ አንድ ጤና ተቋም ውስጥ፣ የደም ተቅማጥ ለያዛት ሕፃን ሲፕሮና ዚንክ አንድ ወረቀት ላይ ጽፌ ከአጠገባቸው «ጠዋት» ብዬ ብቻ አስቀምጬ ነበር። እናትየው እንደተጻፈው ጠዋት ሁለቱንም አንድ ላይ በእርጎ ሰጠቻት። በሦስተኛው ቀን ደሙ ሳይቆም፣ ትኩሳቱም ሳይወርድ ተመለሱ። ጀርሙ መድኃኒቱን ለምዶት ሊሆንም ይችላል፤ በእርጎው ነው ብዬ መማል አልችልም። እናትየው ግን ከመቀነቷ ፈትታ ያንን ወረቀት ስትሰጠኝ፣ የራሴን እጅ ጽሑፍ ሳነብ ያፈርኩት አሁንም አይረሳኝም። ከዚያ ወዲህ ሰዓት ሳልጽፍ መድኃኒት አልሰጥም።

ስለዚህ ሰዓቱን እንዲህ አድርጊው። ጠዋት 1 ሰዓት ሲፕሮ፣ ማታ 1 ሰዓት ሲፕሮ። ዚንኩ መሀል ላይ፣ ቀን 7 ሰዓት። ዚንክ ከተወሰደ በኋላ ሲፕሮ 6 ሰዓት ቢቆይ፣ ሲፕሮ ቀድሞ ከተሰጠ ደግሞ ዚንኩ ቢያንስ 2 ሰዓት ቢዘገይ ይበቃል፤ በዚህ አሰላል ሁለቱም ይሟላሉ። ወተትና እርጎም ከሲፕሮ በፊትና በኋላ ሁለት ሁለት ሰዓት ይራቁ። በመሀል ያለው ሰዓት የእማማ ነው፤ ወተቱን እንደልባቸው ያጠጡት። አሁንም ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡትን በዚህ ሰበብ አትከልክዪው፤ የእናት ወተት ካልሲየም ከላም ወተት ሩብ ያህል ነው። ሲፕሮውን በውሃ ሰጥተሽ ትንሽ ቆይተሽ አጥቢው።

ምሬቱን አውቀዋለሁ፤ ቀምሼዋለሁ። ክኒኑን በሁለት ማንኪያ መሀል አድርገሽ ጫን ብለሽ አድቅቂው፤ ዱቄቱ ሻካራ እንዳይሆን ሁለት ሦስቴ አዙሪው። ከዚያ ስኳር ባለው ሁለት የሻይ ማንኪያ ውሃ በጥብጪው፤ ወይም በደንብ በተፈጨ ሙዝ ለውሺው። ዓመት ካለፈው ማርም ይሆናል። ኦ.አር.ኤስ ውስጥ ካልሲየምም ዚንክም ስለሌለ በእሱ ብትበጠብጪውም ችግር የለውም። ከምላሱ መሀል ሳይሆን ከጉንጩ ጎን አፍስሺለት፤ አፍንጫውን ይዘሽ ግን አትጋቺው፤ ትን ይለዋል። ማንኪያው ላይ የቀረውን በትንሽ ውሃ አለቅልቀሽ ያንንም አጠጪው፤ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ማንኪያው ላይ ይቀራል።

ክኒኑን ከወሰደ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ካስመለሰው ያንኑ መጠን ድገሚው። አንድ ሰዓት ካለፈ ተዪው፤ ገብቷል። የሚያስመልሰው ኦ.አር.ኤሱን ከሆነ 10 ደቂቃ ጠብቀሽ በማንኪያ ቀስ እያልሽ ቀጥዪ። አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው የምትበጠብጪው፤ የአንድ ሊትሩን ሃይላንድ ሙሉ ልኪና እዚያው ውስጥ ጨምሪው፤ በብርጭቆ እየቆነጠርሽ አትገምቺ። ባስቀመጠው ቁጥር ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር፣ የሻይ ብርጭቆ ያህል ማለት ነው፤ 24 ሰዓት ያለፈውን ድፊው።

መርፌው መቼ ነው? በአፍ የሚሰጠው ሁሉ ሲመለስ፣ ልጁ ራሱን ሲስት ወይም ሲያንቀጠቅጠው፣ ሰውነቱ በጣም የተጎዳና እግሩ ያበጠ ሲሆን፣ ወይም በአግባቡ የተሰጠው ሲፕሮ በ2 ቀን ለውጥ ሳያመጣ ሲቀር። ያኔ ሴፍትሪያክሰን አለ፤ ጥሩ መድኃኒት ነው። ለውጥ ስል ደሙ መቀነሱን፣ የሚያስቀምጠው ቁጥር ማነሱን፣ ትኩሳቱ መውረዱንና ምግብ መጠየቁን ነው። አራቱንም በአንድ ቀን አትጠብቂ። መርፌ «ኃይለኛ» ስለሆነ ብቻ አይሰጥም፤ የሚገባ ክኒን እያለ ልጅ መውጋት ምንም አይጨምርለትም። ሰዓቱን ካስተካከልሽ ወዲህ ያሉትን 2 ቀናት ቆጥረሽ ለውጥ ካላየሽ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ውሰጂው፤ ቀድሞ በወተትና በዚንክ እንደተሰጠውም ለሐኪሙ ንገሪ፤ ጀርሙ ለምዶት ነው ወይስ መድኃኒቱ አልገባም የሚለውን ለመለየት ይጠቅመዋል።

አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እኛ አገር ደም ያለበት ተቅማጥ ሁሉ «አሜባ ነው» ይባልና ፍላጂል ይገዛል። በዚህ ዕድሜ አሜባ የሚያመጣው የደም ተቅማጥ ከሺጌላ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ፍላጂል የሚሰጠው ገና ትኩስ በሆነ ሰገራ ላይ፣ ቀይ የደም ሴል የዋጠ ሕያው አሜባ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ወይም ለሺጌላ የሚሆኑ ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች ሳይሠሩ ሲቀሩ ነው። የመግባት ነገር እዚህም ይመጣል፦ ፍላጂል በጣም ጥሩ አድርጎ ወደ ደም ስለሚገባ ትልቁ አንጀት ውስጥ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ግድግዳውን የቦረቦረውን አሜባ ይገድላል፤ ሰገራው ውስጥ የተኛውን ግን በደንብ አያገኘውም፤ ለዚያ እንደ ፓሮሞማይሲን ያለ ከአንጀት የማይወጣ መድኃኒት ይከተላል። የትል መድኃኒቱ አልቤንዳዞልም ሥራው አንጀት ውስጥ ስለሆነ ወደ ደም አለመግባቱ አይጎዳውም። ተቅማጥ የሚያቆም ክኒን፣ ሎፐራማይድ፣ ለልጅሽ ፈጽሞ እንዳትሰጪው፤ ጀርሙንና መርዙን ውስጥ ይዘጋበታል።

ኮምቦልቻ ስለሆንሽ ደግሞ ወባ አለ። ትኩሳቱ በወባ ሆኖ ኮአርተም የታዘዘ ቀን ያ የእማማ ወተት ከጠላትነት ወደ ወዳጅነት ይዞራል። ኮአርተም ውስጥ ያለው ሉሜፋንትሪን ስብ ይፈልጋል፤ ጤነኛ ሰዎች ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወስዱት በባዶ ሆድ ከወሰዱት 16 እጥፍ ያህል ገብቶላቸዋል። ያኔ ወተት ስጪው፤ ቅቤ ጠብ ያለበት ገንፎም ይሆናል። አንዱ ወተት ለአንዱ ክኒን እንቅፋት፣ ለሌላው ድልድይ ነው። ስለዚህ «መድኃኒት በወተት ይሰጣል ወይስ አይሰጥም?» ብለሽ በጥቅሉ አትጠይቂ፤ የክኒኑን ስም ጥሪና ጠይቂ።

«ይህ ሁሉ ለምን በእኛ ልጆች ላይ አልተጠናም?» የምትዪኝ ከሆነ ጥያቄሽ ልክ ነው። በታመመ ሕፃን ላይ መድኃኒት መግባቱን መለካት ከባድ ነው። የድሮው ዘዴ መድኃኒቱን በሕመሙ ቀን መስጠት፣ በየሰዓቱ ደም መቅዳት፣ ከዳነ በኋላ ያንኑ መድገምና ልጁን ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው። ግን 11 ኪሎ ልጅ ያለው ደም በጠቅላላ 900 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ያውም ፈሳሽ ያጣ ልጅ። በሽንት እንለካ ቢባል ደግሞ ተቅማጥ ያለበት ሕፃን ሽንቱና ሰገራው ይቀላቀላል። ዛሬ ከእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ወረቀት ላይ አንጠባጥቦ ማድረቅ፣ ከብዙ ልጆች የተገኘውን ደግሞ በስሌት ማጋጠም ይቻላል። አንድ ቀን ሆስፒታል ውስጥ ለእንዲህ ያለ ጥናት ፈቃድ ብትጠየቂ፣ ስንት ጠብታ እንደሚቀዳና ለምን እንደሆነ ጠይቂ። እንቢ ማለትም መብትሽ ነው፤ ሕክምናው አይቋረጥበትም።

ቤት ውስጥ ሌሎች ልጆች ካሉ ሳሙናው ከመጸዳጃው አጠገብ ይሁን። ሺጌላ ለማሳመም ከ10 እስከ 100 የሚሆን ባክቴሪያ ይበቃዋል፤ በዓይን የማይታይ ቆሻሻ ላይ ከዚያ በላይ አለ። ፖፖውን ያጠበ ሰው እጁን ታጥቦ ነው ወደ ሊጥ የሚሄደው።

ሲፕሮው በ3 ቀን ያልቃል፤ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ሰዓት መቁጠሩ ይቀርልሻል፤ ወተቱም ወደ ቦታው ይመለስ። ዚንኩ ግን ልጁ ሮጦ መጫወት ሲጀምር የሚረሳ ነገር ነው። በቀን አንድ ክኒን፣ 20 ሚሊ ግራም፣ 10ሩም ቀን ይሙላ። ክኒኖቹን ዛሬ ቁጠሪያቸውና ስንት እንደቀሩ ጻፊልኝ፤ በወተት የተበጠበጡትም ሲፕሮውን አስናክለው ይሆናል እንጂ እንደ ዚንክ ተቆጥረዋል።